በወረቀት ላይ ያለችው ለተኪዳን

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

ደወሉ ተደወለ። የኛ አይደለም፣ ከግንቡ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ግን እንጠቀምበታለን። ድምፅን ማን ይከለክላል? ሲደወል ለተኪዳን ደብተሯን ታወጣለች። ታናሿ በራኺ አልጋ ሥር ገብቶ ጫማውን ይፈልጋል፤ ያለ ጫማ አላስተምርም ብያለሁ። አራት ዓመቱ ቢሆንም ተማሪ ነው። ሰሌዳችን የበሩ ጀርባ ነው። ሰው መጥቶ በሩ ሲከፈት ትምህርቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል… ልጆቹ ይስቃሉ።

ደብተራቸው ባለቤቴ ጎይትኦም ከኢምባካሲ የሚያመጣው የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ነው። እሱ ከአውሮፕላን ጭነት መጋዘን ይሰበስባል፣ እኔ በመርፌ እሰፋዋለሁ። ቡናማ ነው። እርሳስ ሲያርፍበት ደስ ይላል።

እስከ እረፍት አማርኛና ሒሳብ፣ ከኔ ጋር። ከእረፍት በኋላ ትግርኛ፣ ከእትዬ ሃረጉ ጋር። የጎይትኦም ታላቅ እህት ናት፤ ምስር እየለቀመች ታስተምራለች። ከምሳ በኋላ እንግሊዝኛ። ስዋሂሊውን በራኺ ራሱ ከግቢው አትክልተኛ ይለቅማል።

«በአንድ ፊደል ሁለት ቋንቋ ይጽፋሉ» አለች እትዬ ሃረጉ ዛሬ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል። «አገር ቤት በዚሁ ፊደል የተጻፈ ትእዛዝ እያነበቡ ይታኮሳሉ።»

ጃካራንዳው ማበብ ጀምሯል። ቆርቆሮው ላይ አበባ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። በራኺ ግን ሰማሁት ይላል። ይስማ።

ጥቅምት 10

ዛሬ ሁለት አኃዝ መደመር ገባት። ጥር ላይ ሰባት ዓመት ይሞላታል። ሰባት። እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ ስላልተጻፈ።

ጥቅምት 15

ከመስከረም ጀምሮ ልጽፈው እያልኩ እጄ እምቢ ሲል ቆይቷል።

ከግንቡ ማዶ ላስመዘግባት የሄድን ቀን። ርዕሰ መምህርቷ የስደተኛ ወረቀቷን አየች፣ ልጅቷን አየች። ለተኪዳን የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፣ አፏን በእጇ ሸፍናለች።

«እዚህ ላይ አሥራ አራት ዓመት ነው የሚለው።»

ስህተት ነው አልኳት። የኛ አቆጣጠር ከናንተው በስምንት ዓመት ገደማ ያንሳል፣ የተወለደችበት ስልሳ ስምንት የኛ ስልሳ ስምንት ነው… ታይፒስቱ ሳይመልስ ጻፈው። ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ የኔን ወረቀት አነሳች። ያ ትክክል ነው፣ በነሱ አቆጣጠር።

«ስለዚህ በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ወለድሻት?» ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ፣ «ወይስ የሌላ ሰው ልጅ ናት?»

ልጄ ቆማ ትሰማለች።

ከሐምሌው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተኩስ ወዲህ በዚህ ከተማ ሁሉም ወረቀት ፈሪ ሆኗል። ወረቀቱ ሳይስተካከል አልቀበልም አለች። የጎይትኦም ትክክል፣ የኔ ትክክል፣ የበራኺ እዚሁ ስለተወለደ ትክክል። የሷ ብቻ። ያ ታይፒስት… ከሞያሌ በመጣን ሰሞን፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ቀና ብሎ ያላየን። ለስደተኞች ጉዳይ ቢሮው ሁለት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሁለቱንም «በመሥሪያ ቤታችሁ ግድየለሽነት» ብዬ ነው የጀመርኳቸው።

ጥቅምት 22

«እማ፣ ሳልወለድ ስምንት ዓመት የት ነበርኩ?»

«የትም።»

«ወረቀቱ ነበርሽ ይላል።»

አሰበች። እርሳሷን እያኘከች። ከዚያ ለበራኺ ነገረችው፦ ወረቀቱ ላይ ሌላ ለተኪዳን አለች። ትልቋ። እሷ ናት እነዚያን ስምንት ዓመታት የኖረችው። ብስክሌት ትነዳለች። ፀጉሯን ራሷ ትሠራለች። ከሞያሌ በእግሯ መጣች እንጂ አልታዘለችም።

በምሳ ሰዓት በራኺ ከዳቦው ቆርሶ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱን የማስቀምጥበት ሣጥን ላይ።

አልተቆጣሁም። ለምን እንዳልተቆጣሁ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ ዳቦው ላይ አረፈና ቤቱ ውስጥ በእርግጥ አንድ ሰው የተጨመረ መሰለኝ።

ኅዳር 3

ወደ ቢሮው ሄድኩ። መሃል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከጧት እስከ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ።

ኃላፊው ሹራብ የደረበ ሽማግሌ ነው። «ማማ ለተኪዳን» ይለኛል፤ እዚህ አገር እናት በልጇ ነው የምትጠራው። ደብዳቤዎቼ ፊቱ ተዘርግተዋል።

«እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ቁጣውም ጥሩ ነው» አለ። የሚያሾፍ አይመስልም።

ሁለት መንገድ አለ አለኝ። ስህተቱ የኔ የአመልካቿ ነው ብዬ ከፈረምኩ አዲሱ ወረቀት በማግስቱ ይወጣል። የቢሮው ነው ካልኩ ኮሚቴ ያየዋል… ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ቅጹን ወደኔ ገፋው። የብዕሩን ክዳን ሳይቀር አወለቀልኝ።

«ያላጠፋሁትን አልፈርምም።»

«ማማ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ነው።»

ፊርማ ብቻ። ያኔ በእጄ የሞላሁትን የመጀመሪያ ቅጽ ከመዝገብ ቤት አስወጡና እንየው አልኩት። ማን እንደተሳሳተ ይታይ። «ኬሾ» አለ። ነገ ማለት ነው። በዚህ ቢሮ ነገ ሩቅ ነው።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ጎይትኦም ሥራ አልገባም። ነገርኩት።

«ፈርሚና ይለቅ።»

«አንተ ብትሆን ትፈርማለህ?»

«አሥር ጊዜ።»

«አንተን አላስፈረሙህም።»

ያውቃል። ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ይሄው በኅዳር ነው። ቀበሌው አዳራሽ። «ወረቀት በትኛለሁ» የሚል ቃል አዘጋጅተው አቀረቡልኝ። አልበተንኩም። ሦስት ሳምንት እምቢ አልኩ። በአራተኛው እናቴ ለተኪዳንን አዝላ በሩ ድረስ መጣች፣ የልጄን ለቅሶ ሰማሁ… ፈረምኩ። ተፈታሁ። በዚያው ፊርማ ዩኒቨርሲቲው ስሜን ሰረዘ። ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፣ ከሴቶቹ አንደኛ። የሚያቃጥለኝ መሰረዜ አይደለም፣ በገዛ እጄ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ለሌላ ሰው ጥፋት አልፈርምም ብዬ ድንበር ተሻግሬያለሁ።

እትዬ ሃረጉ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ጓለይ» አለችኝ። እንደዚያ ነው የምትጠራኝ፣ ልጄ እያለች። «የምታሳድጊው ልጅቷን ነው ወይስ ፊርማሽን?»

ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ…

ኅዳር 14

ዝናብ። በሩን ዘግተን ዋልን፣ ስለዚህ ሰሌዳችን ቀኑን ሙሉ ከኛ ጋር ነበር። ድርሰት አስጻፍኳት፤ የፈለግሽውን አልኳት። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ትልቋ ለተኪዳን ዝናብ አይነካትም። ደወሉ ሲደወል ግቢው ውስጥ ናት። ሰልፍ ላይ መጨረሻ ትቆማለች ረጅም ስለሆነች። በግንቡ ላይ ታየኛለች። ነይ አትለኝም።»

ቀይ እርሳሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ለካ ባልዲ ገልብጣ እየቆመች በግንቡ ታያለች። እትዬ ሃረጉ ታውቅ ነበር። እኔ አላወቅኩም። በኔ ትምህርት የጠገበች ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር 15

ጥር ላይ በወረቀቱ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል… አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ የምትተኛው ሙሉሸዋ አሥራ አምስቷ ነበር። ፀጉሬን ትሠራልኝ ነበር። በሌሊት ሲያስወጧት ነጠላ ጫማዋን ለኔ ተወችልኝ፣ አያስፈልገኝም ብላ።

ልጄን በወረቀት እዚያ ዕድሜ ላይ የሚያስቀምጣት ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ታይፒስቱን እያሰብኩ ነው የምጽፈው። እጠላዋለሁ።

ኅዳር 27

ደወል የለም። ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ተዘግቷል። ልጆቹ እየጠበቁ ተቀምጠው ቀሩ። በመጨረሻ እትዬ ሃረጉ ድስት በማንኪያ መታች፤ ተማርን።

የልጅ ልጆቿ እዚያ ስለሚማሩ አከራያችን ህንዳዊቷ መልእክት አመጣችልኝ። ርዕሰ መምህርቷ እስከ ታኅሣሥ 8 አንድ ቦታ ይዛለች። ከዚያ ካለፈ ለከርሞ ነው።

«ለከርሞ ትልቋ አሥራ ስድስት ይሆናታል» አለች ለተኪዳን። ስታሰላ ጣቷን አልተጠቀመችም።

«ታገባለች?» አለ በራኺ። «ሠርግ አለ?»

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ታኅሣሥ 4

ቅጹ ተገኘ።

ሽማግሌው አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ፊቴ አኖረው። ሰማያዊ ቀለም። የኔ ጽሕፈት። የጎይትኦምን ዓመት ወደነሱ አቆጣጠር መልሻለሁ። የራሴን መልሻለሁ። የሷን… ጥር 6ን ጃንዋሪ 15 ብያለሁ፣ ቀኑንና ወሩን በትክክል መልሻለሁ። ዓመቱን ግን 1968 ብዬ እንዳለ ትቼዋለሁ። ቁልጭ ያለ። ስርዝ ድልዝ የለውም። ታይፒስቱ የጻፍኩትን ነው የመታው፣ አንድ ቁጥር አልሳተም።

ሽማግሌው ቅጹን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን። ደብዳቤዎቼን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው።

«ሻይ ትፈልጊያለሽ?»

«ነገ እመጣለሁ» አልኩት። ኬሾ።

ታኅሣሥ 5

ለማንም አልነገርኩም። ጎይትኦም ሲጠይቀኝ አልተገኘም አልኩት። ዋሸሁ።

እንዴት? የዚያን ቀን እያስታወስኩ ነው። ሦስት ቀን መኪና ላይ፣ ለተኪዳን ትኩሳት ይዟት እትዬ ሃረጉ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይዛት ነበር፤ ከሰልፉ ሆኜ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ባለ ብዕሩ እኔ፣ የተማርኩት እኔ። የራሴን ዓመት ስመልስ ሒሳብ ነበር። የሷ ስልሳ ስምንት ግን ሒሳብ አልነበረም… እንደ ስሟ ነው የጻፍኩት። ስምን ማን ይቀንሳል፣ ማን ይደምራል?

ምክንያት ነው። ምክንያት ስህተትን አያጠፋውም። ለልጆቹ ስንት ጊዜ ብያቸዋለሁ።

ከቢሮው ወጥቼ በእግሬ ስመጣ ያላየኋት ከተማ መሰለችኝ። የጃካራንዳው አበባ አልቆ መንገዱ ላይ ደርቋል። ታይፒስቱን ፊቱን ለማስታወስ ሞከርኩ። አቀርቅሮ ነበርና ያለኝ ፀጉሩ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 6

በመጀመሪያ ለሷ ነገርኳት። ከሒሳብ በፊት።

«ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ሰውዬውስ?»

«የጻፍኩትን ነው የጻፈው።»

«ተቆጥተሽው ነበር።»

«አዎ።»

«በደብዳቤ።»

«በሁለት ደብዳቤ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንደ ከባድ መደመር።

«ከተስተካከለ ትልቋ ትሞታለች?»

«አልተወለደችም እኮ፣ ለቱ።»

«ዳቦ በልታለች» አለ በራኺ። የሣጥኑን ዳቦ ጠዋት ጠዋት ማን እንደሚበላው ሁላችንም እናውቃለን፤ እትዬ ሃረጉ ወደ ምስሯ አቀረቀረች።

ከዚያ ለእትዬ ሃረጉ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በትግርኛ ጽፈሽው ቢሆን አትሳሳቺም ነበር» አለችኝ። የነሱም አቆጣጠር ያው የኛው ነው። ያን እያወቀች።

ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ቅጹን ሰጠኝ፣ ብዕሩን ራሴ አነሳሁ። «ስህተቱ የአመልካቿ ነው።» ፈረምኩ። የውብዳር፣ ሙሉ ስሜን፣ በሚነበብ ጽሕፈት። የዛሬ አምስት ዓመት የፈረምኩት ውሸት ነው፤ ዛሬም ውሸት ነው፣ እስከ ሞቴም። ይሄ ግን እውነት ነው። እስካሁን ሁለቱን አንድ አድርጌ ስፈራቸው ኖሬያለሁ… ያኔ የወሰዱብኝን በዚህኛው ላስመልሰው ነበር፣ በልጅቷ ዋጋ።

ሦስተኛ ደብዳቤም ሰጠሁት። ለታይፒስቱ ነው፣ አራት መስመር። ጡረታ ወጥቷል አለኝ። አድርስለት አልኩት።

ለጎይትኦም ማታ ሲመጣ ተናገርኩ። ትናንት መዋሸቴንም። «አላልኩሽም?» ይላል ብዬ ነበር። ካፖርቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ፣ «አዲሱ ወረቀት መቼ ነው?» አለ። ነገ፣ ሐሙስ።

ታኅሣሥ 7

ወጣ። 1976። ህንዳዊቷን አስቀድሜ፣ ሮጬ ማለት ይቻላል፣ ወረቀቱን አደረስኩ። ርዕሰ መምህርቷ ይቅርታ አልጠየቀችም። እኔም አልለቀቅኳትም፦ «በሃያ ዓመቴ ወለድኳት» አልኳት፣ «አስልተሽ እዪው።» አሰላች። መዘገበቻት።

ጥር 2፣ ሰኞ

ደወሉ ተደወለ፣ እሷ ከማዶ ናት። በራኺ ጫማውን አድርጎ ብቻውን ተቀመጠ። «ሀ» አልኩ፣ «ሀ» አለ። አንድ ድምፅ ብቻ ሲመልስ ቤቱ ሰፊ ሆነብኝ። ሣጥኑ ላይ ዳቦ የለም፤ ማን እንደተወው አልጠየቅኩም።

ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ስሸኛት እጄን ለቀቀች። ዞራ አላየችኝም። ረጅም ስላልሆነች ሰልፉ ላይ ፊት ነው ያቆሟት።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ዩኒፎርሟ ጉልበቷ ላይ አፈር፣ ወሬዋ ሦስት ቋንቋ፤ የጓደኛዋን ስም ነገረችኝና መልሼ መያዝ አቃተኝ። ጠመኔ አንስታ በሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈች፣ ክፍል ውስጥ ቆማ ያለችውን ስዋሂሊ ነው። ኒና ሚያካ ሳባ። ሰባት ዓመቴ ነው። አራት ቀን ይቀራታል። ላርማት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«አሁን አንቺ ስለ ራስሽ ጻፊ» አለችኝ።

ዕድሜዬን ከሷ አረፍተ ነገር እያየሁ፣ ቁጥሩን ከበራኺ እየጠየቅኩ ጻፍኩ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አነበበች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደኔ።

«ተሳስተሻል እማ።»

«የቱ ጋ?» አልኳት።