ድምፅ አልባው ካሜራህና የእናቴ ሽኝት

ለዓይናማው ደባሌ፣

ወደ እናቴ ቤት ሄጃለሁ፣ እሁድ እመለሳለሁ። ከምድጃው አጠገብ የሰካሃቸውን የካሜራ ባትሪዎች ነቅዬ አልጋህ ላይ አድርጌልሃለሁ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ቢሉህ የራስህ ጉዳይ ነው።
ድስቱን እጠበው።

«ካሜራዬ ፉል ፍሬም ሚረርለስ ነው፣ በጨለማ ድመት ያስንቃል፣ ፍላሽ የጀማሪ ነው» ስትል ከርመህ የእናቴን የጡረታ ሽኝት አነሳህልን። እውነትም ያንን ደብዛዛ የሆስፒታል አዳራሽ ቀን አስመሰልከው። ብቻ የአምፖሎቹ መርገብገብ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ሆኖ ወጣ። ሠላሳ አራት ዓመት በሽተኛ ያስታመመች ነርስ፣ ንግግር ስታደርግ ከግንባሯ እስከ ጫማዋ የሜዳ አህያ ሆና ቀረች። ከጎኗ የቆመው አለቃዋም ከፍርግርግ ጀርባ የታሰረ ይመስላል፤ እሱስ ይሁን፣ ያምርበታል።

ትናንት ፎቶዎቹን ስናይ አክስቴ «ልጁ ነው ካሜራውን የያዘው ወይስ ካሜራው ልጁን?» ብትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ሾርባ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

እናቴ ንግግሯን ስትጀምር «ይሄን የካሜራህን ቀጭ ቀጭ አጥፋው፣ ሰው አልሰማም» ብዬ ጆሮህ ስር የተቆጣሁህ እኔ ነኝ። «ድምፁን ካጠፋሁት በዚህ መብራት ፎቶው ላይ መስመር ያወጣል» ብለኸኝ ነበር። «አንተ የሚሉህን አድርግ» አልኩህ። ይህን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ዛሬ የምሄደው ለዚሁ ነው።

አንተ ግን ትናንት ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብህ፣ ወደ እኔ ቀና እንኳ ሳትል ሻይህን ፉት ትላለህ።
ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።