ለኦቦ ደበላ የሰጠሁት ክሬም

አስኩ ሆዴ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አይመጣም፤ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምርም ውሸት ነው። ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር አለፈ። ቡራዩ እንዳለች ናት። የአጥሩ ቆርቆሮ ተገንጥሎ እኔው መታሁት፤ ጠማማ ነው፣ ብታዪው ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ አጥር አይደለም። ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ የማውቀው ያንቺን የምርመራ ውጤት የጠበቅኩ ቀን ብቻ ነው።

ክሬምሽን መሥራት ቀጥዬ ነበር። ያንን የማግኒዥየሙን፣ ባት ሲኮማተር የሚቀባውን። ካረፍሽ በኋላ ሰዎች በሩን እያንኳኩ ይጠይቁኝ ጀመር። የለም ማለት አቃተኝ። ክሬሙ የለም ካልኩ አንቺም የለሽም ያልኩ መሰለኝ። ዕድሜውን ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ማማሰያ ያዘ ብለሽ አስቢው! ሰበታ ሳሙና ፋብሪካው ላብራቶሪ ውስጥ የተማርሽውን ሁሉ ደብተርሽ ላይ ስለጻፍሽው፣ እሱን እያየሁ ዘይቱን ከውሃው ማዋሃድ ቻልኩ። ሁለቴ ተለያየብኝ፣ በሦስተኛው ያዘ። ኮራሁ፣ አልዋሽሽም።

ትዝ ይልሻል፣ የሰበታን መስመር ስሠራ ከሥራ ወጥተሽ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ትቀመጪ ነበር። እጅሽ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጥፍርሽን አይቼ ሐኪም ነሽ ወይ ብዬ የጠየቅኩሽ ለዚያ ነው፤ የዚያን ያህል ንጹሕ እጅ አላየሁም ነበር። ቤታችንም ውስጥ ክሬም ልትሠሪ ስትዪ ከኩሽና ታስወጪኝ ነበር። ያኔ ማካበድ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ማቆያው ሲያልቅ ነው፤ ያ ክሬሙ እንዳይበላሽ ጠብ የምታደርጊበት። ደብተርሽ ላይ ፌኖክሲኤታኖል ይላል። መርካቶ ወርጄ ብጠይቅ የለም ተባልኩ። ሻጩ በምትኩ ቤንዞኤት ሰጠኝ፤ ይሄ እኮ የቲማቲም ድልህ የሚያቆይ ነው፣ ምን ያስፈራሃል አለኝ። እኔም ሰው የሚበላውን ከጠበቀ እግር እንዴት ይጎዳል ብዬ ይዤው መጣሁ። ቀጣዩን ገጽ ብገልጥ ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈሽው ነበር። ማግኒዥየም ጨው ስለሆነ የማይስማማው ማቆያ አለ፤ ቤንዞኤት ደግሞ ክሬሙ ኮምጠጥ ካላለ እንደሌለ ነው፤ ቀለም በምትቀይረው ወረቀት ሳይለካ አይጨመርም። ያነበብኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያ ላይ ጸበሉ አለ። የጎረቤታችን የኦቦ ደበላ ባለቤት፣ አዴ ጫልቱ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡና ለኦቦ የምትሠራውን በዚህ አድርግልኝ አሉኝ። አንቺ ውሃውን አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ነበር የምትሠሪው። ጸበል ግን እንዴት እሳት ላይ ይጣዳል? እጄ እንቢ አለኝ። እንዳለ ጨመርኩት።

ክሬሙ ሲያዩት ያምር ነበር። ኦቦ ደበላ ስኳር እንዳለባቸው፣ ተረከዛቸውም እንደተሰነጣጠቀ ታውቂያለሽ። አንቺ ባታቸው ላይ ብቻ፣ ቁስል እንዳይነካ ብለሽ እያስጠነቀቅሽ ትሰጫቸው ነበር። እኔ ያንን ሳልናገር ሰጠኋቸውና መርቀውኝ ከአዴ ጫልቱ ጋር ሱሉልታ ልጃቸው ቤት ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ለራሴ ያስቀረሁትን ብልቃጥ ስከፍት ክዳኑ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። ሻግቷል። ኦቦ ደበላ ጋ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ብልቃጡን ኪሴ ከትቼ፣ ተሳፋሪ ሆኜ፣ ሱሉልታ እስክደርስ የማስበው እግራቸውን ብቻ ነበር።

አካም ጅርቱ ብዬ ስገባ ከተኙበት ሆነው እንደወትሮው ሳቁልኝ። ተረከዛቸው አብጦ መግል ቋጥሯል። የአስካለ ክሬም እኮ ነው፣ ያድነኛል ብዬ ደጋግሜ ተቀባሁት አሉኝ። ከልጃቸውና ከአዴ ጫልቱ ጋር ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው።

ሐኪሟ ቁስሉ ላይ ምን ቀባችሁ ብላ ጠየቀች። ኦቦ ደበላ፣ ምንም አሉ። እንደገና ጠየቀቻቸው። ምንም። አዴ ጫልቱም አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ገባኝ፣ አስኩ። ስምሽ በክፉ እንዳይነሳ ነው። የሞተ ሰው ራሱን አይከላከልምና እነሱ ሊከላከሉልሽ፣ በገዛ እግራቸው ላይ ፈረዱ።

እኔም ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ልንገርሽ፣ ትንሽ ዝም ብያለሁ። ይኼ ያሳፍረኛል። ከዚያ ብልቃጡን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። የቀቡት ይሄንን ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ እንዲህ አትሠራም ነበር አልኳት። ሐኪሟ ብልቃጡን ከፍታ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ከመግሉ ናሙና ወሰደች፣ መጻፍ የጀመረችውን መድኃኒት ሰርዛ ሌላ ጻፈች፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። ኦቦ ደበላ እጄን ጨብጠው፣ ምነው ጃል፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት አሉኝ። የተቆጡት ስለ እግራቸው አልነበረም።

የቀሩትን ብልቃጦች ከየቤቱ ለቅሜ አምጥቻለሁ። እያንዳንዱ በር ላይ ቆሜ ለምን እንደምወስድባቸው ተናግሬያለሁ። ሌላ ሰው አልታመመም፤ ቢሆንም ስልኬ በጠራ ቁጥር ማን ታመመ ብዬ ነው የማነሳው።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ የኦቦ ደበላ ፋሻ ይፈታል። ሥጋው ከጠቆረ እግራቸው ይቆረጣል ብለውናል። ልጸልይ እላለሁ፣ ግማሽ ላይ አቋርጠዋለሁ። አንቺን ማስታወስ ማለት ብልቃጥሽን መሙላት መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ አልሞላም። እግራቸው ቢተርፍም ባይተርፍም፣ ይህን ማን ሠራው ሲባል የምጠራው የራሴን ስም ነው። ያንቺ እጅ ንጹሕ ነበር፤ ይህን እስክሞት ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ።

ታደሰ