አንተ ስትቀበር እኔ ቢስክሌት ላይ ነበርኩ

አባዬ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ ቀኑን የሚቆጥረው ካረፍክበት ረቡዕ ጀምሮ ነው፤ እኔ የምቆጥረው ከተረዳሁበት ማክሰኞ ነው። በመካከሉ ስድስት ቀን አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በእነዚያ ስድስት ቀናት ምክንያት ነው። ነፍስህን ይማርልኝ፤ ግን ተናድጄብሃለሁ፣ መጀመሪያ እሱን እወቅልኝ።

የቤቱን ልንገርህ። እማዬ መኝታ ቤቱን ዘግታ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። እኔ የሳን ሆዜውን አፓርትመንት ለቅቄ ኦክላንድ ተመለስኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ሳኒቬል ቢሮ እሄዳለሁ፤ አንተ ስትረግመው የኖርከውን የ880 አውራ ጎዳና አሁን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ቢስክሌትህ ጋራዥ ውስጥ እንደተሰቀለች ናት፣ የፊት ጎማዋ ተንፍሷል። አጎቴ ጋሽ ታደሰ ለሆነ ሰው እንስጣት ብለው ጠይቀው ነበር። እጅዎን እንዳያሳርፉባት አልኳቸው። አየህ፣ አሁንም «አንቱ» እላቸዋለሁ፤ ቁጣዬ ገና እዚያ ድረስ አልደረሰም።

ሃያ ዓመት የኤርፖርት ሻትል ስትነዳ የተመኘኸው አንድ ነገር ነበር፤ መኪና የሌለበት መንገድ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌክ ሜሪት ሐይቅን በቢስክሌት ሁለት ዙር እንዞርና አንተ ግራና ቀኝ እያየህ ትነጫነጭ ነበር። ይኼ በር ይከፍትብናል፣ ያኛው ስልክ ያወራል፣ ይችኛዋ ቀይ መብራት አይታያትም። ቤት ስንገባ ደግሞ የጣሊያንን ኮረብታና ሐይቅ በቪዲዮ ትከፍትልኛለህ። ጠባብ መንገድ፣ የወይን ማሳ፣ አንድም መኪና የለም። ካርታውን ፍሪጁ ላይ ለጥፈህ በቀይ እስክሪብቶ መንገዳችንን አሰመርክ። ለቋንቋው አታስቢ፣ እኔ እችላለሁ አልክ። የምትችለው በወጣትነትህ ጋራዥ ስትሠራ የለመድካቸውን ሦስት የጣሊያን ቃላት ብቻ ነበር፤ ጎማ፣ ፍሬንና ማርሽ።

ከዚያ የልብ ሐኪሙ ዳገትም አውሮፕላንም ከለከለህ። አንቺ ሂጂ፣ በአንቺ ዓይን አያለሁ አልክ። ኩሽና ውስጥ እጅህን ይዤ ትንሽ ነገር እንኳ ብትሆን ይነገረኝ፣ አለዚያ አልሄድም አልኩህ። «በማርያም!» አልክ። በቀልድ እንኳ በማርያም የማትምል ሰው ማልክልኝ። እሱን ይዤ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣሁት።

መንገዱ እንዳልከው ነበር። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መስመር ሐዲዱ ተነቅሎ ለቢስክሌት ተለቅቋል። በግራዬ ሐይቅ፣ በቀኜ ወይን። ግማሽ ቀን ሙሉ ያገኘሁት ባለሞተር የአንድ ገበሬ ትራክተር ብቻ ነው፣ እሱም ዳር ይዞ አሳለፈኝ። ጸጥታው ከመብዛቱ የተነሳ የራሴን ትንፋሽ እሰማ ነበር። እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ፎቶ በላክሁልህ ቁጥር በድምፅ መለስክልኝ፤ መቼም መጻፍ አትወድም። አንዱ መልእክትህ አራት ደቂቃ ነበር፣ ግማሹ ሳል፣ ግማሹ ትእዛዝ። ውሃ ጠጪ፣ ዳገት ላይ ተቀምጠሽ ርገጪ፣ ያ ከኋላሽ ያለው ተራራ ስሙ ማን ነው?

ረቡዕ ጠዋት ደረትህን ያዘህ። ሆስፒታል ስትገባ እማዬ ልትደውልልኝ ስልኳን ስታነሳ እጇን ያዝክና «ተያት፣ ትጨርስ» አልካት። ማርያምን የት አስቀምጠሃት ነው አባዬ? ከሰዓት በኋላ አረፍክ።

የቀረውን ጋሽ ታደሰ ጨረሱት። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸውና በቤታችን ነገር ሁሉ ፊት የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ሰው አገር ብቻዋን መርዶ አትሰማም፣ ስትመለስ በወጉ ትረዳለች ብለው ወሰኑ። ስልክህን ወስደውም በአንተ ስም ይመልሱልኝ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት ፍሬኔ እየጮኸ አስቸገረኝና አንድ መንደር ውስጥ ቢስክሌት ሠሪ ዘንድ ገባሁ። ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ የለም። በጣቴ እያሳየሁ «ፍሬን» አልኳቸው። ሳቁና አስተካከሉልኝ። ከሱቁ እየዘለልኩ ወጥቼ ጣሊያንኛህ ሠራ ብዬ ጻፍኩልህ። መልሱ «ጎበዝ። በርቺ» የሚል ነበር፣ ያውም በጽሑፍ። አንተ ብትሆን ሰፈሩን ታስነሳው ነበር። ሽማግሌው ምን አሉ፣ በየትኛው መፍቻ ፈቱት፣ ዋናውን ፍሬን ነው ወይስ ሽቦውን እያልክ ታደርቀኝ ነበር።

ማንንም ከመውቀሴ በፊት ይህን ልናዘዝልህ። ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር። ልደውል ስልኬን ከፈትኩ። ከዚያ ቀና ስል መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ማንም የለበትም፣ ነፋሱም ጥሩ ነበር። ማታ እደውላለሁ አልኩና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ማታ እማዬ አንስታ ተኝቷል አለችኝ። ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለች፣ እኔም አመንኩ። ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንኩት። ጋሽ ታደሰ ላይ ስጮህ ግማሹ ጩኸት ወደ ራሴ ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ቀበሩህ። ሰው ሥራ የማይገባበት ቀን ስለሆነ ነው አሉ። ከሳን ሆዜም ከሬድውድ ሲቲም መጥተው ቦታ ጠፍቶ ነበር አሉ። ያ ሁሉ ሰው ሲገኝ አንድ ልጅህ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ኮክ ትበላ ነበር። እየዘፈንኩ ነበር የዋልኩት። ፎቶም ላክሁልህ፣ ጥርሴ ሁሉ የሚታይበት። «በጣም ያምራል» ተባልኩ። የሚመልስልኝ ሰው በቀብርህ ላይ ቆሞ ነበር።

ሰኞ ጋሽ ታደሰ ከኤርፖርት ተቀበሉኝና አባትሽ ዕረፍት ያስፈልገዋል ብለው ሳን ፓብሎ ቤታቸው ወሰዱኝ። ራት አቀረቡልኝ። እኔ ሞኟ ፎቶዎቹን ሁሉ አሳየኋቸው። አንድ በአንድ እያዩ ይኼ ሐይቅ ነው ወይ፣ ይኼስ ምን ዛፍ ነው እያሉ ጠየቁኝ። ንጋት ላይ ስነቃ ሳሎኑ ነጠላ ባዘቀዘቁ ሰዎች ሞልቷል። ሁሉም ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ ደክሞት ነበር። እኔ ገና መጀመሬ ነው። ያንን ለቅሶ ብቻዬን አለቀስኩት፤ እነሱ ያባብሉኝ ነበር እንጂ አላለቀሱም።

ጋሽ ታደሰን ለምን ስላቸው «ፍላይት ላይ ብቻሽን ሾክ ብታደርጊስ? ለአንቺ ብለን እኮ ነው!» አሉኝ። ለእኔ ያልተደረገ ነገር የለም። እኔ የተጠየቅሁበት ነገር ብቻ ነው የጠፋው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን አዲስ አበባ ያሉት እህትህ እትዬ ዘነበች ሰባት ወር ሙሉ አልተነገራቸውም። ደም ግፊታቸው ተፈርቶ ነው። ጉሮሮህን ኦፕራሲዮን ሆነህ መናገር ተከልክለሃል ተብለዋል። በደወሉ ቁጥር እማዬ ተኝቷል ትላቸዋለች። ባለፈው ወር ደክሟት ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ተኝቷል አልኳቸው። ምንም አልከበደኝም አባዬ፣ ከአፌ እንደ ውሃ ነው የወረደው። «ዝም በይው፣ ይተኛ» አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ ጋሽ ታደሰን ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

የንስሐ አባታቸውን በስልክ አፈላልጌ ከጎረቤት ጋር ሄደው እንዲያረዱልኝ ለመንኩ። ጋሽ ታደሰ ሲሰሙ አበዱ። «ፕሬዠራቸው ሃይ ቢያደርግስ? ይኼን ሪስክ አንቺ ነሽ የምትወስጂው?» አሉኝ። አዎ እኔ ነኝ አልኳቸው። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ግን ፈርቼ ነበር፤ አንድ ነገር ቢሆኑ በእጄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚያ ሲነጋ፣ መርዶው እንደደረሳቸው እትዬ ዘነበች ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። ከአርባህ በፊት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። የጎረቤት ልጅ የቀብርህን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይታ አሳይታቸዋለች። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጮህኩባቸው። «እናትሽ ‹ተኝቷል› ስትለኝ ድምፅዋ ይቀልላት ነበር። እሱ በሕይወት ያለበት አንድ ቦታ ይቅርላት ብዬ ነው» አሉኝ። ያን ሁሉ ወር ጥቁር የለበሱት በራቸውን ዘግተው ነው። ሳይረዱ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልምና አንድ ሰው እንኳ አላስተዛዘናቸውም።

ምን ዓይነት ዘመዶች ነን? አንዳችን ለሌላው እያልን ሁላችንም ለየብቻችን አለቀስን። በእሳቸውም ተናደድኩ፣ በእማዬም፣ በአንተማ አትጠይቀኝ። ከዚያ እትዬ ዘነበች ስምህን ጠርተው ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ተከተልኩ። እማዬ መጥታ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለችና «የለም እኮ፣ የለም» አለቻቸው። እስከዚያች ቀን ይህን ቃል ከአፏ አልሰማሁም ነበር።

እንግዲህ ቃሌ ይኼ ነው። አልረሳህም። ግን ደግ አባት ነበር ብቻ ብለው እንዲያወሩልህም አልፈቅድም። መንገድ ያሰመርክልኝን እናገራለሁ፣ በማርያም ምለህ ያታለልከኝንም እናገራለሁ፣ ሁለቱንም ሳላሳንስ። ይቅር ብዬህ እንደሆነ አላውቅም፤ ስላንተ ሳስብ አንዳንድ ቀን ንዴቱ ይቀድማል፣ አንዳንድ ቀን ናፍቆቱ። ያን መንገድ እስከ መጨረሻው ሄጄዋለሁ አባዬ፣ ቆንጆ ነበር። ብትጠይቀኝ ኖሮ ግን ከመሀሉ እመለስልህ ነበር።

ልጅህ መክሊት