ቅጠል ደፍተን ወደ ባሕር

ፑኬት ደሴት፣ ነሐሴ 27

ለመጪው ሙሽራ ለራምዚ፣ አሰላሙ ዐለይኩም!

«በክረምት ማብቂያ የደሴቱ አየር እንዴት ነው? ከሠርጉ በኋላ ሩፋይዳን ይዣት ልምጣ?» ላልከኝ በመሐላ እመሰክራለሁ፦ ከቡታጅራ ዝናብ ሸሽተን የዝናቡ አጎት ቤት ገብተናል። በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል፤ ፀሐይ ይቅርታ ልትጠይቅ ብቅ ስትል ደግሞ እንደገና ይመጣል። እኛም እንደ አገራችን «እስኪያባራ» እያልን ሦስት ቀን መስኮት ሥር ተቀመጥን። በአራተኛው ሚስቴ ናጃህ ሻንጣዋን መዝጋት ጀመረች። «ዝናብ ለማየትማ የእናቴ በረንዳ ምን አነሰኝ? ትኬቱን ቀይር!»

ባሕር ሳንነካ ልንመለስ? በፍጹም! የቁርስ ቢላዋ ይዤ ወረድኩ። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ እንሰት የመሰለ ተክል ቆሟል። ዝናብ እንደያዘው የጉንችሬ ገበያተኛ ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ቆርጬ አንዱን በሷ፣ አንዱን በራሴ አናት ላይ ደፋሁና ወደ ባሕሩ! ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ ተከተለን፤ ለካ ተክሉ የግቢው ጌጥ ኖሯል።

«አንተ ሰውዬ፣ የአያትህ ጓሮ መሰለህ?» አለች ናጃህ፣ እየሳቀች፣ እየሮጠች። ባሕሩ ዳር ስንደርስ ቅጠሉን ወረወረችው። «ውይ! ዝናቡ እኮ ሙቅ ነው!» ብላ እስከ ጉልበቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ የትኬት ወሬ ተነሥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ይዘሃት ና። እስኪያባራ አትጠብቁ፤ ቅጠሉን ግን አትንካ፣ ዘበኛው አሁን የቁርስ ቢላዋ ይቆጥራል።

የፖስታ ካርዱ ሞላ፤ እናትህን ሳምልኝ። ናጃህ ለሩፋይዳ «ዝናብ የሚፈራ ባል ይዘሽ እንዳትመጪ» ብላለች።

ሰይዶ