ጭጋግ ያለበስኩት ደጃችን

እማዬ፣ ሆዴ፣

ከተለያየን አስር ወር አለፈን። ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ ልጽፍልሽ ያስቸኮለኝ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ናፍቆቱማ የት ይሄዳል። ያስቸኮለኝ ግን ሐፍረት ነው። ፊደል እንደማትቆጥሪ እያወቅሁ፣ በሕይወት እያለሽ በአፌ ያልነገርኩሽን ዛሬ በወረቀት መንገሬ ምን ዓይነት ፈሪ እንደወለድሽ ያሳይሻል።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ቡሬ ወልዳለች። ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ጥቁርና ነጭ፣ እንደ እናቷም እልኸኛ። አባዬ ዘንድሮም ሩዙን ዘርቷል፤ ውኃው ማሳውን ይዞታል። ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ደጁ ላይ ቆሞ ሊጠራሽ አፉን ይከፍትና ይተወዋል። አንቺ ስትሄጂ በእናቷ ሆድ የነበረችው ልጄ ደግሞ መዳህ ጀምራለች፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ትጮኻለች። የምናቅፋት ከሱቅ በተገዛ ብርድ ልብስ ነው። አንቺ የጀመርሽላት ጋቢ ለምን ሳያልቅ እንደቀረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያቺን የሐምሌ ጠዋት ታስታውሻለሽ? ዝናቡ ጋብ ሲል ካሜራዬን አንግቼ መጣሁ። ከግድግዳው ጥግ ቁሚልኝ ብልሽ፣ እምቢዬው! ከቡሬ ጋር ካልሆነ ፎቶ አልነሳም፣ አንተን በወተቷ ያስተማረችህ እሷ ናት፣ የኔ ሥራ ማለብ ብቻ ነው አልሽ። ሳቅን። ቡሬ ከኋላሽ ቆመች። ከእሷ ኋላ የጭዱ ክምር፣ እበቱ፣ ዘመም ያለችው ጎጇችን ነበሩ። ዳር ላይ ደግሞ አባዬ ቁምጣውን ጠቅልሎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ከማሳ ሲመጣ አብሮ ገባ። አንቺ እሱን አይተሽ ፈገግ ስትዪ አነሳሁሽ። እንደዚያ ያማረ ፎቶ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አንስቼ አላውቅም።

ወረታ ተመልሼ ፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ልሰቅለው አሰብኩ። ግን ደንበኞቼን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ ተቀይረው የመጡ የቢሮ ሰዎችና መምህራን ናቸው። እኔም ከእነሱ ጋር ሳወራ አነጋገሬን እለውጥ ነበር፤ አንቺ አንድ ቀን ሰምተሽኝ ጉሮሮህን አመመህ ወይ ብለሽኛል። እበቱን፣ ጎጆዋን፣ የአባዬን እግር እንዲያዩ አልፈለግሁም። ኮምፒውተሩ ላይ መልክሽን በማውዝ ዙሪያውን ከብቤ የቀረውን ሁሉ ብለር አድርጌ አደበዘዝኩት። አንቺ ጥርት ብለሽ ወጣሽ፤ የአንገትሽ ማተብ ክር እንኳ ይቆጠራል። ከኋላሽ ያለው ግን ጭጋግ ሆነ። አባዬ ቡናማ ጥላ፣ ቡሬ ነጭና ጥቁር ደመና ሆኑ። ባለሙያ ሆንኩ ብዬ ደግሞ ኮራሁ፣ አይ እኔ!

በገበያ ቀን መጣሽ። ሁለት የቢሮ ሰዎች ጉርድ ፎቷቸውን ይጠብቁ ነበር። ፎቶሽን አየሽና ደስ አለሽ፤ ወዲያው ግን ጠጋ አልሽ፣ ራቅ አልሽ፣ መስተዋቱን በነጠላሽ ጫፍ ወለወልሽ። ከዚያ ዓይንሽን አሸሽና ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ፊቴ ይታየኛል፣ ቡሬ ግን ጠፋችብኝ፣ ዓይኔን ምን ነካው ልጄ አልሽኝ።

እማዬ፣ አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። እኔ ነኝ ያጠፋኋት ማለት። ሰዎቹ ይሰማሉ፣ ለምን አጠፋሃት ትዪኛለሽ፣ እኔስ ምን እላለሁ? እርጅና ነው እማዬ፣ ዓይን ይደክማል አልኩሽ። አፌን በቆረጠው! አንቺም አመንሽኝ። የተማርኩ ልጅሽ አይደለሁ?

መስከረም ላይ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድሽ። ሰባት ቀን ሙሉ ዓይንሽን ታጠብሽ። ስትመለሺ ወደ ቤት ሳትገቢ በቀጥታ ፎቶ ቤት መጥተሽ መስኮቱ ፊት ቆምሽ። ያው ጭጋጉ ነው። ትከሻዬን መታ አድርገሽ ሄድሽ። በሳምንቱ እንዝርትሽንና የተረፈውን ጥጥ ለጎረቤታችን ለይርገዱ ሰጠሽ፤ በማያይ ዓይን የተፈተለ ለሕፃን አይሆንም ብለሽ። ፈትልሽ እኮ ወጥ ነበር! ይርገዱ እስከ ዛሬ ትመሰክራለች። ወረታም ብቻሽን መምጣት ተውሽ፣ መኪና ሳላይ ይገጨኛል እያልሽ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ያ ወባ አንቺን ወስዶ ቀደመኝ።

በለቅሶሽ ላይ ሰው ሁሉ ያንኑ ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ አለቀሰ። አባዬ ፎቶውን ያየው ያን ቀን ነው፤ በጭቃ እግሬ ቤትህን አላበላሽም እያለ ፎቶ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ለሙት ዓመትሽ ቡሬ ያለችበትን አጥበህ ስጠኝ አለኝ። ጭጋጉን ልሰጠው አልቻልኩም። መጀመሪያ ያነሳሁት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበርና እሱን አጥቤ ወሰድኩለት። የራሱን እግር አይቶ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ፎቶውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በለቅሶው ቀን ቡሬን የጋረደብኝ እንባዬ መስሎኝ ነበር፤ ታዲያ የእናትህ ዓይን ደህና ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከአባቴ ጥያቄ ሸሽቼ ከጥጃዋ ጋር በረት ውስጥ ቆምኩ።

መስኮቱ ላይ አሁን ያለሽው ከነሙሉ ደጃችን ነው። ከኋላ ያለው ጭቃማ ሰው ማነው ሲሉኝ አባቴ ነው እላለሁ፤ ስለው ዛሬም ፊቴ ይግላል፣ ግን እላለሁ። አንቺን ባሰብኩ ቁጥር ከነቡሬ፣ ከነጎጆሽ ላስብሽ ቃሌ ነው። ነገ ደግሞ አባዬ ዘንድ ሄጄ ለጥያቄው መልስ እሰጠዋለሁ። የሚለኝን ይበለኝ፣ እችለዋለሁ።

ከእሱ በፊት ግን አንቺ ስሚኝ። ዓይንሽ ምንም አልነበረበትም። እስከ መጨረሻዋ ቀን ደህና ነበር፣ እማዬ።

ልጅሽ