«እፈራዎታለሁ»

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ዘመድ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ እስከ ደንገሉ አናት ሞልቷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ስንገናኝ እኔ አወራለሁ፣ አንቺ «እሺ» ትያለሽ። ይኸን ግን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ፈለግሁ።

ቃልኪዳን ልጃችንን ሔራንን ይዛ መራዊ እናቷ ዘንድ ከገባች ዘጠኝ ወሯ ነው። ላንቺ «የልጅቱ ትምህርት ቤት እዚያ ስለተመቸ ነው» ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ ሰኞ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ቴሌቪዥኑን ለድምፁ ብዬ ከፍቼ እተወዋለሁ።

ደም ግፊቴ ሲያስቸግር የፋብሪካችን ነርስ አንድ ቦታ ጠቆመችኝ። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የምታስተምር የሺአረግ የምትባል ሴት ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ ሰው ታሰባስባለች። አሥር እንሆናለን፤ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ስለ ትናንት ማውራት የለም፣ መምከር የለም፣ መፍረድ የለም። ፊት ለፊትሽ ላለው ሰው አሁን፣ እዚያው፣ የሚሰማሽን ብቻ በሐቅ መንገር ነው። እኔ የሄድሁት ቃልኪዳን የበደለችኝን የምነግረው ሰው ፍለጋ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ኢኽላስ ከምትባል የወረታ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። «አሁን እርስዎ ፊት ተቀምጬ እፈራዎታለሁ» አለችኝ።

ሳቅሁ። «ምን አደረግሁሽ?» አልኋት።

«ምንም። ግን ሳላስበው ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ» አለች።

እውነትም ገፍታዋለች። መጮኼን ያወቅሁት አዳራሹ ጸጥ ሲል ነው። ቆሜያለሁ እኮ፤ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

የሺአረግ አልተቆጣችኝም። «አሁን ሰውነትዎ ምን እያደረገ ነው?» አለችኝ። ወደ ታች አየሁና «እጄን ጨብጫለሁ» አልሁ። ከአፌ ሲወጣ አፈርሁ። ተቀምጬ አለቀስሁ፤ አባባ ሲቀበር እንኳ ያላለቀስሁት ሰውዬ። ኢኽላስ ተነሥታ አልሄደችም፤ ወንበሯንም አልመለሰችም። ላጽናናው ብላ አለመዋሸቷን ወደድሁላት።

በሳምንቱ መራዊ ወረድሁ። ቃልኪዳን በር ላይ ቆማ አነጋገረችኝ። ተመለሺ አላልኋትም። «ትፈሪኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አሁንም እፈራሃለሁ» አለች።

ሔራን ከእናቷ ጀርባ ሆና ፊቴን ሳይሆን እጆቼን ታያለች። አልገባሁም። ስለነገረችኝ አመስግኜ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ኋላ ቃልኪዳን ደውላ በየአሥራ አምስት ቀኑ መጥቼ አያቷ ባሉበት ከልጄ ጋር እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ። ሁለቴ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ሔራን ከአያቷ ጉያ አልወጣችም። በሁለተኛው አንድ ጥርሷ እንደሚነቃነቅ ነገረችኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነበር።

እታለም፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ መጥተሽ በማግስቱ «ልጆቹን አመማቸው» ብለሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጥሽም። መናኸሪያ ስሸኝሽ ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ድረስ ተሸፋፍነሽ ነበር። በርዷት ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። በፋሲካ ባሕር ዳር ምን ብርድ አለ?

ጠጥቼ ስለነበር መታሁሽ አልልሽም። እንድታስተባብዪልኝም አልፈልግም። ባትመልሺልኝ አልቀየምም፤ ከመለስሽ ግን ደስ ይበለው ብለሽ አትጻፊ።

እመ ብርሃን ጤናሽን ትመልስልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ። ከክፉ ሁሉ ትጠብቅሽ፤ ከእኔም ጭምር።

በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ
ከባሕር ዳር