የአባትሽ ቀለበቶች

ለመምህሬ ልጅ፣ ለጥንቷ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ኦሳካ ብርዱ ገብቷል ይላሉ፤ ኅዳር ሲመጣ ጉሮሮሽ እንደሚነሳብሽ ስለማውቅ አንገትሽን ሸፍኚ። እኔና እናቴ ደህና ነን። እሳተ ገሞራችን ሳኩራጂማ ግን ሰሞኑን አላስቀመጠንም። ሦስት ቀን ሙሉ አመዱን ሲያዘንብብን እናቴ አንዱን አንሶላ ሦስቴ አጥባ፣ "ይሄ ተራራ ከአባትህም ይብሳል" እያለች ስትራገም ሰነበተች።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ብዕር ማንሳቴ አያስደንግጥሽ። አባትሽ በሕይወት አሉ፤ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ይሳደባሉ። ዓይናቸው ግን ደህና አይደለም። እንዳልነግርሽ አጥብቀው ከልክለውኝ ነበር፤ አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው አምና ጸደይ ላይ ነው። አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ ብሩሻቸውን ቀለሙ ውስጥ የነከሩ መስሏቸው ብሩሽ የምናጥብበት አልኮል ውስጥ ነከሩት። ቀና ብለው "ዛሬ መብራቱን ምን ነካው?" አሉ። መብራቱን ምንም አልነካውም።

ሥራችንን ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ። የነጩን ሴራሚክ ቀለበት ጠርዝ የብረት ዱቄት ባለበት ቀለም ቀብተን እንተኩሰዋለን። ከዚያ የብረቱን አንገት ገጥመን፣ በመሃላቸው ስስ የብር ቅጠል አኑረን፣ አየር የሌለበት እቶን ውስጥ እናስገባለን። ብሩ ቀልጦ ሁለቱን ያጋባቸዋል። ቀለሙ የፀጉር ያህል ከሳተ ግን ብሩ እዚያ ቦታ አይዝም፤ በዚያች ክፍተት አየር ይገባና ቀለበቱ የሚገጠምበት የኮምፒውተር ቺፕ መሥሪያ ማሽን ሥራው ሁሉ ይበላሻል። አባትሽ፣ "ሴራሚክና ብረት አስቸጋሪ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሲሞቁ ይስማማሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይጣላሉ። አስታራቂያቸው ታጋሽ ይሁን" ይሉን ነበር።

በዚያው ሰሞን ከስምንት ቀለበት ስድስቱ አየር አስገቡ። ፍተሻ ላይ ያለችው ሚሳዮ ወረቀቱን ለአለቃ ሳታሳይ ወደ እኔ አምጥታ፣ "ጋሼን ምን ነካቸው? በሠላሳ ዓመት እንዲህ አይተን እናውቃለን?" አለችኝ። ቀለሙ አርጅቶ ነው ብዬ ዋሸኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ከእሳቸው አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባ ጀመር። ትናንት የቀቡትን አጥቤ እንደ አዲስ እቀባና መደርደሪያቸው ላይ መልሼ አኖራለሁ። እሳቸው ይመጣሉ፤ "እንዴት አደርክ፣ ግራኙ?" ይሉኛል፤ ቀለበቶቻቸውን ወደ እቶኑ ይሸኛሉ። አሥራ ዘጠኝ ወር! ፊታቸውን ባየሁ ቁጥር ከገዛ ቤታቸው የሰረቅኳቸው ያህል ይሰማኝ ነበር።

ባለፈው ወር አለቃችን ኩቦዞኖ ሁላችንንም ሰብስቦ አባትሽን እያሳየ፣ አቶ አሪሙራ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አንድ ቀለበት እንኳ ሳያበላሹ ዓመት ከመንፈቅ አለፋቸው፣ ሽልማት ይገባቸዋል፣ አዲሶቹንም ያስተምሩልን አለ። ጭብጨባው ሳያልቅ አባትሽ ከትሪው ላይ አንድ የተተኮሰ ቀለበት አንስተው ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱ።

"ይሄ የኔ አይደለም" አሉ። "ብሩሹ የተነሳው በግራ ነው። እዚህ ቤት ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኩቦዞኖ ግራ ተጋብቶ መቼ እንዳወቁ ጠየቃቸው። "ከመጀመሪያው ሳምንት" አሉ። "ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉ?" ቢላቸው፣ "ቤት ብውል ማን እንዴት ዋልክ ይለኛል?" አሉ። ሚሳዮ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የዚያን ቀን እስከ አውቶቡሱ ክንዴን ይዘው ሄዱ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ። "መጀመሪያ ተናድጄብህ ነበር። ልነቅፍህ በየቀኑ ስህተት ስፈልግ ከረምኩ። አጣሁ። ለካ ጥሩ አስተምሬሃለሁ!" ብለው ሳቁ። እኔ እንባዬ መጣ። "ምነው አፍንጫህን ትምጋለህ? አመዱ ነው እንዳትለኝ፤ ዛሬ ነፋሱ ወደ ባሕር ነው" አሉኝ። ማየት እንጂ መስማት አልተሳናቸውም።

ሥራ አቁመዋል። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን ግን የዓይን ጠብታው ያቆየዋል ብሏል። እሳቸው ጠብታውን ጉንጫቸው ላይ ያፈሱታል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አደርግላቸዋለሁ። ያንቺን ስም ሳነሳ "ተዋት፣ ሥራዋን ትሥራ" ይላሉ፤ ወዲያው ግን ለአዲስ ዓመት ባቡሩ ይጨናነቅ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ብትችዪ ነይ። ፊትሽን ሊለዩበት የሚችሉት ጊዜ ረጅም አይመስለኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዓመት ከመንፈቅ በላይ "እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጎረቤት ነው የሚጽፍልኝ" ያሉሽ ጎረቤት እኔ ነኝ። ምናልባት ጽሑፉን ለይተሽው ይሆናል፤ ለይተሽው ዝም ብለሽ ከሆነም አላውቅም። "ደህና ነኝ በልልኝ" ሲሉኝ ደህና ናቸው ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለዚህ ውሸት ይቅር በዪኝ። ስለ ድንቹም፣ ስለ ጣሪያውም፣ ስለ ድመቷም የተጻፈው የእሳቸው ቃል ነው። "የማታው ባቡር ባለፈ ቁጥር የወረድሽ እየመሰለኝ ቀና እላለሁ" የምትለዋን ግን አላስጻፉኝም፤ ከራሴ ነው የጨመርኳት። አንቺ ያቺን መስመር ደጋግመሽ እንዳነበብሽ መልሰሽ ስትጽፊ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "እኔ እንዲህ ብያለሁ እንዴ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ይሁን፣ የኔ ቃል ናት" አሉኝ።

መንገድሽ የቀና፣ ጤናሽ የተሟላ ይሁን። ለአዲስ ዓመት በሰላም ያገናኘን።

የአባትሽ ተማሪ